ስለ ቀራፂው ኤርንስት ባርላኽ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአሥራ ዘጠነኛውና በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የጀርመን አደባባዮች በሐውልት የተሞሉ ነበሩ፤ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ንጉሥ፣ ሰይፍ የመዘዘ ጄኔራል፣ ክንፉን የዘረጋ ንስር። ኤርንስት ባርላኽ በዚያው አገር ድል የማይታይበት የጦርነት መታሰቢያ ሠራ። በዚህ ምክንያት ሥራዎቹ ተነቀሉ፣ ተቆራረጡ፣ ቀለጡ፤ አብዛኞቹም ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ስለ ሰውየውና ስለ ሥራዎቹ በብዛት የሚነሱትን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባርላኽ ማን ነው?

ጃንዋሪ 2 ቀን 1870 በሰሜን ጀርመን፣ ከሃምቡርግ ወጣ ብላ በኤልበ ወንዝ ዳር በምትገኘው ቬደል ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበር፤ ልጁ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ በ1884 ሞተ። ባርላኽ መጀመሪያ ሃምቡርግ፣ ቀጥሎ ድሬስደን በሚገኘው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ተማረ፤ ለአጭር ጊዜም ፓሪስ ተቀመጠ። ከትምህርት በኋላ ግን ለብዙ ዓመታት መንገዱ አልቀናለትም። ለመጽሔት ይሥል ነበር፣ ለሸክላ ፋብሪካ ዕቃ ይነድፍ ነበር፣ የሸክላ ሥራ ትምህርት ቤትም አስተምሯል። ራሱን ያገኘው ሠላሳ ስድስት ዓመት ሲሞላው ነው።

ከቀራፂነቱ ጎን ጸሐፌ ተውኔትም ነበር። በ1924 ለድርሰት ሥራው በጀርመን ከፍ ያለ ግምት የሚሰጠውን የክላይስት ሽልማት አግኝቷል። በእንጨት የቀረጻቸው ሰዎች ሊናገሩ ሲሉ ዝም ያሉ የሚመስሉት ከዚሁ የተነሣ ይሆን ብዬ አስባለሁ፤ በአንድ እጁ ንግግር የሚጽፍ ሰው በሌላው ዝምታን ይቀርጽ ነበር።

ሠላሳ ስድስት ዓመት ሲሞላው ምን ተፈጠረ?

ሩሲያ ሄደ። በ1906 በጋ በወንድሙ ምክንያት በዛሬዋ ዩክሬን ወዳለችው ካርኪቭ ተጓዘና ሁለት ወር ያህል ቆየ። ያየው ቤተ መንግሥት ወይም ሙዚየም አልነበረም። ሰፊ ሜዳና በሜዳው ላይ ወፍራም ካባ ደርበው የተቀመጡ ለማኞች፣ ገበሬዎች፣ እረኞች ነበሩ። እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ሲያንቀላፉ፣ ሲጸልዩ እየተመለከተ የንድፍ ደብተሩን ሞላ።

ከዚያ በኋላ የቀረጻቸውን ሰዎች በአንድ እይታ መለየት ይቻላል። ሰውነታቸው በልብስ ውስጥ ተሰውሯል። ልብሱ ከአንገት እስከ እግር እንደ አንድ ግንድ ይወርዳል፤ እጥፋቶቹ ጥቂትና ጥልቅ ናቸው። ከልብሱ የሚወጡት ፊትና እጅ ብቻ ስለሆኑ ያ ሁሉ ስሜት በእነዚህ ሁለቱ ላይ ይከማቻል። እንጨት ላይ ሲሠራ የመሮውን ዱካ አሸዋ ወረቀት አስይዞ አያጠፋውም፤ ከቅርብ ያየ ሰው እያንዳንዱ ምት የት እንዳረፈ መከተል ይችላል።

በተመሳሳይ ጊዜ የበርሊኑ የሥነ ጥበብ ነጋዴ ፓውል ካሲረር ቋሚ ክፍያ እየሰጠ ሥራዎቹን መግዛት ጀመረ። ባርላኽም በ1909 ለአንድ ዓመት ያህል ፍሎረንስ ከቆየ በኋላ በ1910 መክለንቡርግ ውስጥ ወዳለችው ትንሿ ከተማ ጉስትሮ ገባ። ከትልልቅ ከተሞች ሽሽት ነበር ማለት ይቻላል። እስከ ዕለተ ሞቱም እዚያው ኖረ።

ከመጀመሪያውም ጦርነት ይቃወም ነበር?

አይደለም። ይህን ደብቆ ሰውየውን ጻድቅ ማድረግ ለማንም አይጠቅምም። በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ እንደ ብዙ ጀርመናውያን የአገር ፍቅር ስሜት ወሰደው። በካሲረር የጦርነት ጊዜ መጽሔት ላይ ጦርነቱን ቅዱስ አድርጎ የሚያሳይ ሥዕል አወጣ። በዚያው ዓመት «ተበቃዩ» የተባለውን ቅርጽ ሠራ፤ ሰይፉን ወደ ኋላ አንሥቶ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ወደ ፊት የሚበር ሰው ነው።

ከ1915 መጨረሻ ጀምሮ ራሱ ለጥቂት ወራት በተጠባባቂ ወታደርነት አገለገለ። ጦር ሜዳ አልደረሰም፤ ግን ጦርነት ምን እንደሆነ ለመረዳት በቂ ነገር አየ፣ በቂም ሰማ። ሲመለስ ያ የመጀመሪያ ስሜት አብሮት አልነበረም። በኋላ ላይ ከሠራቸው መታሰቢያዎች ቀጥሎ «ተበቃዩን» ያየ ሰው ከአንድ እጅ የወጡ መሆናቸውን ለማመን ይቸገራል።

«ተንሳፋፊው መልአክ» ምንድን ነው?

ባርላኽን የሚያውቅ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠራው ሥራ ነው። የጉስትሮ ካቴድራል በ1926 ሰባት መቶኛ ዓመቱን ሊያከብር ሲዘጋጅ በጦርነቱ ለሞቱት የደብሩ ልጆች መታሰቢያ ተፈለገ። ባርላኽ ለድካሙ ዋጋ ሳይጠይቅ በ1927 ሠራው።

ከሁለት ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የነሐስ ምስል ነው፤ ከጣሪያው በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ከወለሉ ጋር ትይዩ ሆኖ አየር ላይ ተጋድሟል። ክንፍ የለውም። እጆቹ ደረቱ ላይ ተጣምረዋል፣ ዓይኖቹ ተከድነዋል፣ ከንፈሩ ገጥሟል። ረጅሙ ልብሱ እስከ እግሩ ድረስ ያለ አንዳች መወላገድ ተዘርግቷል። ከሥሩ የሚነበበው የጦርነቱ ዘመን ብቻ ነው፦ 1914–1918። ስለ ክብር፣ ስለ አባት አገር፣ ስለ ጀግንነት የሚል አንድም ቃል አልተጻፈበትም።

ባርላኽ ሲጠየቅ፣ በጦርነቱ ዓመታት ጊዜ ለእሱ ቆሞ እንደነበረ፣ ያ ጊዜ በምድር ካለ ከምንም ነገር ጋር መያያዝ እንዳልቻለ፣ ተንሳፍፎ እንደቀረ ተናግሯል። ሊቀርጽ የፈለገው ያንን ስሜት ነበር። ስለዚህ መልአኩ ወደ ሰማይም አይወጣም፣ ወደ ምድርም አይወርድም። ከጦር ሜዳ ልጇ ይመለስ አይመለስ ሳታውቅ የቆየች እናት የኖረችበት ጊዜ ያ ነው።

የመልአኩ ፊት የኬተ ኮልቪትስ ነው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ባርላኽ ራሱ አምኗል። ግን አስቦ እንዳልሠራው፣ ፊቷ ሳያውቀው ወደ ሥራው እንደገባ፣ ሆነ ብሎ ቢሞክረው ምናልባት ይበላሽበት እንደነበር ተናግሯል።

ኬተ ኮልቪትስ የበርሊን ሠዓሊና ቀራፂ ነበረች። ታናሽ ልጇ ፔተር በኦክቶበር 1914 ቤልጂየም ውስጥ ተገደለ። እሷም ለልጇ መቃብር ተንበርክከው የሚያለቅሱ አባትና እናትን በድንጋይ ለመቅረጽ ዓመታት ፈጅታ በ1932 አቆመቻቸው። ሁለቱ አርቲስቶች በአንድ ሐዘን ላይ በተለያየ ቦታ ይሠሩ ነበር። በ1938 ባርላኽ ሲሞት ኮልቪትስ ጉስትሮ ድረስ መጥታ አስከሬኑን ተሰናበተች፤ ቀጥሎም በእሱ መታሰቢያነት «ሙሾ» ልንለው የምንችለውን ትንሽ ቅርጽ ሠራች። የራሷ ፊት ነው፤ አንድ እጇ ግማሽ ፊቷን ሸፍኗል።

የማግደቡርጉ መታሰቢያ ለምን ያን ያህል ቁጣ ቀሰቀሰ?

ምክንያቱም እውነቱን ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ በግልጽ ስለተናገረ ነው። በ1929 በማግደቡርግ ካቴድራል የቆመው ይህ ሥራ ከኦክ እንጨት የተቀረጸ ሲሆን ስድስት ሰዎች አሉበት። ከላይ ሦስት ወታደሮች የጦርነቱ ዓመቶች የተጻፉበትን መስቀል ከበው ቆመዋል። አንዱም አይተኩስም፣ አንዱም አይፎክርም፤ ደርቀው የቆሙ፣ የደከማቸው ሰዎች ናቸው። ከሥራቸው ከደረት በላይ ብቻ የሚታዩ ሦስት ሌሎች አሉ። መሐል ላይ የብረት ቆብ የደፋ አፅም አለ። በአንድ ወገኑ ፊቷን የሸፈነች ሴት፣ በሌላው ወገን የጋዝ ጭንብል ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ራሱን በሁለት እጁ የያዘ ሰው።

የወቅቱ ሰው ከጦርነት መታሰቢያ የሚጠብቀው መጽናኛ ነበር፤ ልጆቻችን በከንቱ አልሞቱም የሚል። ባርላኽ ይህን ለማለት እምቢ አለ። ገና ሲቆም ጀምሮ ተቃውሞ ተነሣ። ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ የፓርቲው ርዕዮተ ዓለም አቀንቃኝ አልፍሬድ ሮዘንበርግ በ1933 ጽሑፉ ወታደሮቹን የሶቪየት ቆብ ያደረጉ ድንዙዞች አድርጎ ተሳለቀባቸው። በ1934 መታሰቢያው ከካቴድራሉ ወጥቶ በርሊን መጋዘን ገባ።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ለማንሣት የጠየቁት የውጭ ባለሥልጣናት ብቻ አለመሆናቸው ነው። የካቴድራሉ የራሱ ምክር ቤት ነበረበት። ሐዘኑ የተሠራላቸው ሰዎች ሐዘኑን አውጡልን አሉ።

ሌሎች የአደባባይ ሥራዎቹስ?

ኪል ከተማ ውስጥ በ1928 «የመንፈስ ተዋጊ» የተባለው የነሐስ ሐውልት ቆመ፤ ሰይፉን በሁለት እጁ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ የያዘ ክንፋም ሰው፣ ከእግሩ ሥር ተኩላ መሰል አውሬ። በ1937 ወርዶ ተቆራረጠ። ቁርጥራጮቹ ግን ስላልቀለጡ ከጦርነቱ በኋላ ተበየዱ፤ በ1954 በቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንደገና ቆመ። የዚሁ ሐውልት ቅጂዎች በአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ እና በርሊን በጌቴሴማኒ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ይገኛሉ።

ሉቤክ በሚገኘው የቅድስት ካታሪና ቤተ ክርስቲያን ግንባር ላይ ደግሞ አሥራ ስድስት ምስሎች ሊያቆም ታቅዶ ሦስቱን ብቻ ሠራ፤ በክራንች የተደገፈ ለማኝ፣ የሚዘምር የገዳም ተማሪ እና ነፋስ የሚገፋት ሴት። ፖለቲካው ቀሪውን ከለከለው። ከጦርነቱ በኋላ ገርሃርድ ማርክስ የተባለ ቀራፂ ስድስት ጨምሮበት ዛሬ ዘጠኝ ሆነው ይታያሉ።

የሃምቡርጉስ ታሪክ ምንድን ነው?

እሱ ራሱን ችሎ የሚነገር ነው። በ1931 በከተማው ማዘጋጃ ቤት አጠገብ፣ ከውኃው ዳር፣ ሃያ አንድ ሜትር ከፍታ ያለው ቀጥ ያለ የድንጋይ ዓምድ ቆመ። ዓምዱን የነደፈው አርክቴክት ክላውስ ሆፍማን ነው። በአንዱ ገጽ አርባ ሺህ የከተማዋ ልጆች ሕይወታቸውን ለእናንተ እንደሰጡ ተጽፏል። በጀርባው ባርላኽ አንዲት እናትና እሷን ተጠግታ የቆመች ልጅ ቀረጸ። አባት በምስሉ ውስጥ የለም። መታሰቢያው የሚናገረው ስለዚያ ስለሌለው ሰው ነው።

የናዚ ደጋፊዎች ይህን መቋቋም አልቻሉም። በ1936 በዚያችው ከተማ ዳምቶር አካባቢ ተቃራኒ ሐውልት አቆሙ፤ ጠመንጃ የተሸከሙ ወታደሮች ተሰልፈው የድንጋዩን ዙሪያ ይዞራሉ፤ ከላያቸው እኛ ብንሞት እንኳ ጀርመን ትኑር የሚል ጽሑፍ አለ። ሁሉም አንድ ፊት አላቸው ማለት ይቻላል። ቀጥሎም የባርላኽን እናት ከዓምዱ ላይ ፍቀው በቦታዋ የሚበር ንስር አስቀረጹ። በ1949 ንስሩ ተነሥቶ እናትና ልጅ እንደገና ተቀረጹ። የ1936ቱ ሐውልት አሁንም ቦታው ላይ ስላለ ሁለቱን በአንድ ቀን አይቶ ማወዳደር ይቻላል። እኔ ሰው ሁሉ ይህን እንዲያደርግ እመክራለሁ፤ ሐውልት ሰውን እንዴት ለሞት እንደሚያዘጋጅና እንዴት ለሙታን እንደሚያለቅስ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ቦታ አላውቅም።

አይሁዳዊ ወይም ኮሚኒስት ነበር?

ሁለቱንም አልነበረም። ጠላቶቹ ወሬውን ያስወሩት ነበር፤ በዚያ ዘመን ሰውን ለማጥፋት ወሬው ብቻ ይበቃል።

ናዚዎችን ተቃውሟል ወይስ ተባብሯል?

መልሱ አንድ መስመር አይደለም። በጃንዋሪ 1933፣ ሂትለር ሥልጣን ከመያዙ ቀናት በፊት፣ በሬዲዮ ቀርቦ ለአርቲስቶች ነፃነት ተናግሯል። በጉስትሮ ጎረቤቶቹ ሰላምታ ሲነፍጉት፣ ሰዎች በቤቱ መስኮት ላይ ጉዳት ሲያደርሱ ከተማዋን ትቶ አልሸሸም፤ ከአገርም አልወጣም። በሌላ በኩል በኦገስት 1934 የባህል ሰዎች ለሂትለር ድጋፍ በሰጡበት መግለጫ ላይ ስሙ ሰፍሯል። ፈርሟል። ፈርቶ ነው፣ ሥራውን ለማዳን ነው የሚሉ አሉ፤ ምክንያቱ ምንም ይሁን ፊርማው ፊርማ ነው።

ፊርማው ግን አላዳነውም። በ1936 የሥዕሎቹ መጽሐፍ ተወረሰ። በ1937 ከፕሩሲያ የሥነ ጥበብ አካዳሚ እንዲወጣ ተደረገ፣ ኤግዚቢሽን ማሳየት ተከለከለ፣ ናዚዎች «የተበላሸ ጥበብ» ብለው ሙኒክ ባዘጋጁት የማዋረጃ ትርኢት ላይም የክርስቶስና የቶማስን መገናኘት የሚያሳየው ሥራው ቀረበ። በመላ አገሪቱ ከሙዚየሞችና ከቤተ ክርስቲያኖች በመቶዎች የሚቆጠሩ ሥራዎቹ ተለቅመው ወጡ። የሚገርመው ኋላ የናዚዎች የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር የሆነው ጎብልስ ወጣት ሳለ በ1924 የባርላኽን ቅርጽ አይቶ በማስታወሻ ደብተሩ በአድናቆት ጽፎ ነበር።

ባርላኽ ኦክቶበር 24 ቀን 1938 ሮስቶክ ውስጥ በልብ ሕመም ሞተ። የተቀበረው ልጅነቱን ባሳለፈባት ራትሰቡርግ ከአባቱ አጠገብ ነው። ሥራዎቹ ሲመለሱ ለማየት አልታደለም።

መልአኩ ቀልጧል ይባላል፤ ታዲያ ዛሬ የሚታየው ምንድን ነው?

ኦገስት 1937 መልአኩ በቤተ ክርስቲያን ባለሥልጣናት ትዕዛዝ ከካቴድራሉ ወረደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነሐሱ ለጦር መሣሪያ ተፈልጎ ቀለጠ። ለሙታን ወጣቶች የተለቀሰበት ብረት ሌሎች ወጣቶችን ለመግደል ዋለ ማለት ነው።

ነገር ግን የጄሶ ሞዴሉ በርሊን በሚገኘው የነሐስ ማቅለጫ ቀርቶ ነበር። ባርላኽ ከሞተ በኋላ ወዳጆቹ በ1939 ከዚያ ሞዴል ላይ ሁለተኛ መልአክ በድብቅ አስወጡ። ሠዓሊው ሁጎ ኮርትሲንገር ሽኔጋ በተባለች የገጠር መንደር በሥራ ቦታው ሸሸገው። የኪሉ ሐውልት ቁርጥራጮችም እዚያው ተደብቀው ነበር። ኋላ የጄሶው ሞዴል በቦምብ ድብደባ ስለጠፋ፣ ያ የተደበቀ ቅጂ ባይኖር ኖሮ መልአኩን የምናውቀው ከፎቶግራፍ ብቻ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ኮሎኝ ገዝታው በ1952 በአንቶኒተር ቤተ ክርስቲያን ተሰቀለ። ከእሱ ላይ ሦስተኛ ቅጂ ወጥቶ በ1953 ወደ ጉስትሮ ተመለሰ። ጀርመን ያኔ ለሁለት ተከፍላ ስለነበር አንዱ መልአክ በምዕራብ፣ ሌላው በምሥራቅ ቀረ። በዲሴምበር 1981 የምዕራብ ጀርመኑ መራሔ መንግሥት ሄልሙት ሽሚት ከምሥራቁ መሪ ከኤሪክ ሆኔከር ጋር ጉስትሮን ሲጎበኝ ከተማዋ በጸጥታ ሠራተኞች ተጥለቅልቃ ነበር። ሽሚት የፈለገው ግን ካቴድራሉ ገብቶ መልአኩን ማየት ነበር፤ አየውም።

ሥራዎቹን ከጥፋት ያዳናቸው ማን ነው?

እዚህ ላይ በርንሃርድ ቦመር የተባለ ሰው ስም ይነሣል። ራሱ ቀራፂ ነበር፤ የባርላኽ ጎረቤትና የሥራ ረዳት። ከዚያ የተወረሱ ሥራዎችን ለውጭ ገዢዎች እንዲሸጡ ናዚዎች ከመረጧቸው አራት ነጋዴዎች አንዱ ሆነ። በዚህ ሥራ ተጠቅሟል። በዚያው መንገድ የማግደቡርጉን መታሰቢያ ጨምሮ የባርላኽን ሥራዎች ከመንግሥት እጅ አውጥቷል። በ1945 የሶቪየት ጦር ሲደርስ ራሱን አጠፋ። ሰውየውን በአንድ ቃል መፍረድ አልችልም፤ ሁለቱም ነገሮች ተፈጽመዋል።

የሃምቡርጉ የሲጋራ ፋብሪካ ባለቤት ሄርማን ሬምትስማም በአስቸጋሪው ዘመን ሥራ በመስጠት ባርላኽን አቁሞታል። «አድማጮቹ» የተባሉት ዘጠኝ የኦክ ምስሎች በ1935 የተጠናቀቁት ለእሱ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ በምሥራቅ ጀርመን እንዴት ታየ?

ወዲያው አልተቀበሉትም። በ1951 መጨረሻ በምሥራቅ በርሊን ትልቅ ኤግዚቢሽን ሲከፈት የገዢው ኮሚኒስት ፓርቲ ጋዜጦች የቀረጻቸው ሰዎች ተስፋ የሌላቸው፣ የማይታገሉ ናቸው ብለው ነቀፉት። ጸሐፌ ተውኔቱ በርቶልት ብሬሽት ተነሥቶ ተከራከረለት። የማግደቡርጉ መታሰቢያ በ1955 ወደ ካቴድራሉ ተመለሰ፤ በ1989 መጸው መንግሥቱን የሚቃወሙ ዜጎች ለሰላም ጸሎት ይሰበሰቡ የነበረው በዚሁ ሥራ ዙሪያ ነው።

ጀርመን ያለ ሰው የት ሄዶ ሊያያቸው ይችላል?

ኮሎኝ የሚኖሩ ወገኖቻችን ዕድለኞች ናቸው፤ አንቶኒተር ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው ሺልደርጋሰ በተባለው የገበያ ጎዳና ላይ ስለሆነ ዕቃ ሲገዙ ጎራ ማለት ይቻላል። ሃምቡርግ ውስጥ በየኒሽ ፓርክ የሚገኘው የባርላኽ ሙዚየም የእንጨት ሥራዎቹን በብዛት ይዟል፤ «አድማጮቹም» እዚያ ናቸው። ጉስትሮ ካቴድራሉን፣ የቅድስት ገርትሩድ ጸሎት ቤትን እና ከከተማው ወጣ ብሎ በሐይቁ አጠገብ ያለውን የሥራ ቤቱን በአንድ ቀን ማዳረስ ይቻላል።

አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ማግደቡርግን እመርጣለሁ። የነሐስ ሥራዎቹ ተቆራርጠው የተበየዱ ወይም ከቅጂ ላይ የወጡ ናቸው፤ የማግደቡርጉ ኦክ ግን ባርላኽ በገዛ መሮው የቀረጸው ያው እንጨት ነው። ሲሄዱ ከታች ካሉት ሦስቱ ይጀምሩ፤ ቁመታቸው ከተመልካቹ ዓይን ብዙም አይርቅም፣ የሴትየዋ እጆችም ከቅርብ ይታያሉ።